አንደኛ የወጣችው ግመል

ሰኞ፣ ጥር 18

«ልጄ በጠፋች ግመል ዘፈን አዳራሽ አትገባም!»

የሆቴል ባለቤቷ ዘነበች በጠዋት ካሴት ሱቄ በር ላይ ቆማ የጮኸችው ይህን ነው። ገና ቁልፉን ከበሩ አላወጣሁም ነበር።

ቅዳሜ ቅዳሜ የሳምንቱን አስር ዘፈኖች በእጄ ጽፌ በሩ ላይ እለጥፋለሁ። አሥራ አንድ ዓመት፣ አንድም ቅዳሜ ሳላጓድል። ሞያሌ ላይ፣ ከድንበሩ ኬላ ወዲህም ሆነ ወዲያ፣ ሙሽራ ስትገባ የሚከፈተው የዚያ ሳምንት አንደኛዬ ነው። ማን እንደጀመረው አላውቅም፤ እኔ ግን እኮራበታለሁ። ችግሩ «ግመሌን ያያችሁ» የሚለው ዘፈን ይኸው ሰባተኛ ሳምንቱ፣ አንደኛ ላይ ተተክሏል። አንድ ሽማግሌ የጠፋች ግመሉን ከውኃ ጉድጓድ ውኃ ጉድጓድ እየዞረ ይጠራል። አያገኛትም። ዘፈኑ ያልቃል። የገና ጾም ስለነበር ማንም ልብ አላለውም፤ አሁን ግን የዘነበች ልጅ ሰናይት እሑድ ታገባለች።

«ቀይሪዋ፤ አንቺ አይደለሽ የምትጽፊው?» አለችኝ።

«የምጽፈው እኔ ነኝ፣ የሚገዛው ሕዝቡ ነው!»

የተሸጠ ካሴት ቆጥሬ እንጂ ደስ ያለኝን ጽፌ አላውቅም። የገዛ ወንድሜ ካሴት ሲያወጣ አሥራ አራተኛ ሆነ፤ አልጻፍኩትም። እስከ ዛሬ አኩርፎኛል። አንዴ ከዋሸሁማ ያ ወረቀት ከስኳር መጠቅለያ በምን ይሻላል?

ማክሰኞ፣ ጥር 19

ነገሩ ሲከነክነኝ አድሮ ደብተሬን አወጣሁ። ካሴት ስሸጥ ከስሙ ጎን ጭረት አደርጋለሁ እንጂ ማን እንደገዛው አልጽፍም። ባለፈው ሳምንት በጠቅላላው ስድስት ጭረት። ድሮ ስድስት ከምሳ በፊት ነበር! ከስድስቱ አራቱ የግመሏ ናቸው፤ ከአስሩ መስመር ሰባቱን ባዶ ነው የለጠፍኩት።

አራቱን ገዢዎች ለማስታወስ ሞከርኩ። አንዱ ጋሽ ጉዮ፣ ከኦዳ መንደር በሎሪ ከብት የሚያመላልሱት። ሁለተኛውም ጋሽ ጉዮ። ሦስተኛውም። አራተኛውም እሳቸው!

ከሰዓት በኋላ ደግሞ መጡ።

«ጋሽ ጉዮ፣ ያንኑ ካሴት ምን ያደርጉታል?»

«የሎሪው ቴፕ ይበላል» አሉ። «ዱጋ፣ እውነቴን ነው፤ ከፍየል የባሰ በላተኛ ነው።»

ሁለት ወሰዱ። ሁለት ጭረት አደረግሁ። ታዲያ ለሞያሌ ሙሽሮች ዘፈን የሚመርጠው አንድ የተራበ ቴፕ ነው ማለት ነው። ይህንን ለዘነበች የነገርኳት ዕለት ኬላውን ተሻግሬ እጠፋለሁ።

ረቡዕ፣ ጥር 20

ሕዝቡ በእውነት ምን እንደሚሰማ ልወቅ ብዬ በምሳ ሰዓት ዘነበች ሆቴል ገባሁ፣ ደብተሬን ይዤ።

ድሮ በዚህ ቴሌቪዥን ዜና ሲነበብ ማንኪያ አይንኳኳም ነበር። ዛሬ ዲሹ ካመጣቸው የዘፈን ጣቢያዎች አንዱ ተከፍቷል። ዘፋኟ ላቧ እስኪንጠፈጠፍ ትጨፍራለች፣ የሚያያት የለም። ሁሉም የሚያነበው ከእግሯ ሥር የሚያልፈውን ጽሑፍ ነው። ሰው በስልኩ መልእክት ይልካል፣ እዚያ ይወጣል። «ለአማቼ የከበረ ሰላምታ» የሚል ሲያልፍ አንድ ሹፌር ተነስቶ አጨበጨበ። አማቹ ከጎኑ ተቀምጦ ጥብስ ይበላል።

የቀሩት ስልክ ከስልክ አጋጥመው በብሉቱዝ ዘፈን ይቀባበላሉ። አስተናጋጁ ሦስት መቶ ዘፈን አለኝ አለ።

«እስቲ የምትወደውን ጥራልኝ።»

አሰበ፣ አሰበ። «ትራክ ዜሮ ሰባት።»

«ዘፋኙስ?»

«ስልኩ ላይ የተጻፈው ትራክ ዜሮ ሰባት ነዋ!»

የሚቀጥለው ጠረጴዛም ትራክ ዜሮ ሰባት። ሹፌሩም፣ አማቹም፣ በር ላይ ያሉት ጫት ሻጮችም። ከተማው በሙሉ የያዘው ዘፈን ስም የለውም። የበለጠ ያናደደኝ ስም ማጣቱ ይሁን እኔን ሳያስፈቅድ አንደኛ መውጣቱ፣ እግዜር ይወቀው።

ሐሙስ፣ ጥር 21

ዘነበች መላ አገኘች። ያ የዘፈን ጣቢያም የራሱ አስር አለው፤ ተመልካች በመልእክት ይመርጣል፣ አመሻሽ ላይ ውጤቱ ይታያል። «ካንቺ በር ቴሌቪዥን ይበልጣል» ብላኝ ለአንድ የሙሽራ ዘፈን ከጠዋት ጀምራ መልእክት ስትልክ ዋለች። ክሬዲቷ ሲያልቅ የእንግዶቿን ስልክ ተዋሰች። ወጥ ቤቷ ያሉት ሽንኩርታቸውን ጥለው ይልካሉ። ምሳ ዘገየ።

አመሻሽ ላይ ሦስተኛ ወጣ። አንደኛው በማናውቀው ቋንቋ ነው።

«አጭበርብረዋል!» አለች፣ አውራ ጣቷን እያሸች።

ሳቄን ሻይ ውስጥ ደበቅሁ። ለካ የትም አገር አንዳንድ ዘነበች አለች! ቤቴ ስገባ ግን ሳቁ ለቀቀኝ። የቴሌቪዥኑን አስር የሚያወጣው አውራ ጣት፣ የእኔን የሚያወጣው አንድ ሎሪ። ካሴት የሚገዛ ከሌለ እኔ የምጽፈው ምንድን ነው? ፈራሁ። እዚህ መጻፍ ይቻላል፤ ፈራሁ።

ዓርብ፣ ጥር 22

ሰናይት ራሷ መጣች፣ ዐይኗ አብጦ።

«እትዬ ብርቄ፣ እኔን እኮ ማንም አልጠየቀኝም።»

የምትፈልገው ትራክ ዜሮ ሰባትን ነው። እጮኛዋ መጀመሪያ በብሉቱዝ የላከላት እሱን ነው።

«ካሴት የለውም፤ ካሴት የሌለው አይሸጥም፣ ያልተሸጠ አይጻፍም» አልኳት።

«ታዲያ ካሴት አድርጊዋ!»

ስልኳን ቴፔ አጠገብ አስቀምጬ ቀዳሁት። መሀል ላይ ውጭ ያሉ ደላሎች ሲጯጯሁ «ኧረ ዝም በሉ!» አልኩ። እሱም አብሮ ገባ። ድጋሚ ለመቅዳት ትዕግሥት አልነበረኝም፤ እንዳለ አምስት አባዛሁት። ዘነበች ከልጇ ሰምታ መጥታ አምስቱን ባንድ ጊዜ ገዛች።

«ይሄማ ማጭበርበር ነው» አልኳት።

«ጉዮ ሲገዛ ሕዝብ፣ እኔ ስገዛ ማጭበርበር?»

ለካ ሰምታለች። አምስት ጭረት አደረግሁ፣ ግን ቀጭን ቀጭን።

ቅዳሜ፣ ጥር 23

ለጠፍኩ። አንደኛ፣ ትራክ ዜሮ ሰባት፤ ዘፋኝ አልታወቀም። ሁለተኛ፣ ግመሌን ያያችሁ። ሌላ የተሸጠ ስላልነበረ ስምንቱን መስመር ባዶ ተውኩት።

ጋሽ ጉዮ ሎሪያቸውን አቁመው በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ፣ ሁለት ጊዜ። «ሳዋ» አሉ፣ እሺ ማለታቸው ነው። ካሴት ሳይገዙ ሄዱ። ቀኑን ሙሉ ከፍቶኝ ዋለ።

እሑድ፣ ጥር 24

ሙሽሮቹ የአዳራሹ በር ላይ ሲደርሱ ስቲማ ሄደ። መብራት እንደሆነ መቼ እንደሚሄድ ያውቃል። ስፒከሩ ጸጥ አለ። ስልክ ከፈቱ፤ ትንኝ የምትዘፍን መሰለ። ይሄኔ ጋሽ ጉዮ ማንም ሳይጠይቃቸው ሎሪያቸውን በኋላ ማርሽ አምጥተው በሩ ላይ አስጠጉት። የቀዳሁትን ካሴት አጎረስነው። አሁን በላው፣ አሁን በላው ስል፣ አልበላውም።

ትራክ ዜሮ ሰባት አስተጋባ። ሁሉም ስልኩ ውስጥ አለው፣ ግጥሙን የሚያውቅ ግን አንድ ሰው የለም። እልልታው የቱ ጋ እንደሚገባ ጠፋ። ከዚያ የገዛ ድምፄ ከሎሪው ወጣ። «ኧረ ዝም በሉ!»

ሰርገኛው እውነትም ዝም አለ። ሰናይት ቬሎዋን እንደያዘች በር ላይ ቀረች። ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ!

ጋሽ ጉዮ ቀስ ብለው ያንን ካሴት አወጡና የራሳቸውን ከተቱ። ዘነበች ራሷን ያዘች። ሽማግሌው ግመሉን መጥራት ሲጀምር አንድ ሰው ከኋላ ተቀበለው። ከዚያ ሌላው። ከዚያ አዳራሹ በሙሉ። ያ ሎሪ ሰባት ሳምንት ከተማውን ሲዞር ሳናውቀው ሁላችንም አጥንተነዋል! ሰናይት «ግመሌን ያያችሁ» እያለች፣ ሙሽራው «እኔ አየኋት!» እያለ፣ እየሳቁ ገቡ። ዘነበችም ስትዘፍን አይቻታለሁ፤ አልዘፈንኩም ትላለች።

በኋላ ካሴቴን ልወስድ ሎሪው ላይ ወጣሁ። ከወንበሩ ሥር አንድ ፌስታል አለ። ውስጡ ግመሌን ያያችሁ ብቻ፣ ላስቲካቸው እንኳ ያልተነካ።

«ጋሽ ጉዮ፣ ቴፑ ይበላል አላሉኝም?»

«አንድ ቀን በልቷል።»

«ሌላውን ቀንስ?»

መሪያቸውን ማየት ጀመሩ። «በርሽ ላይ አንደኛ ሆኖ ሳየው ደስ አለኝ» አሉ። «እንዳይወርድ ብዬ ነው።»

ልቆጣቸው ነበር፣ አልቻልኩም። ያንን ካሴት ከእንግዲህ አልሸጥልዎትም አልኳቸውና ወረድኩ።

የሚመጣውን ቅዳሜ ወረቀት ከአሁኑ ጀምሬዋለሁ። አንደኛ፣ ግመሌን ያያችሁ። በዚህ ማንም አይከራከረኝም፣ አዳራሽ ሙሉ ምስክር አለኝ። በዚህኛው ወረቀት ግን ከስሙ ጎን «የተሸጠ» የሚል ጨመርኩ። ከዚያ ዜሮ ብዬ ጻፍኩ።