ውሃ ያላሟሟው ድንጋይ

እህቴ ማንጠግቦሽ፣ ይህን ከመስማትሽ በፊት ቁጭ በይ።

ከገዳም ስትመለሺ ለበረከት ያመጣሽልኝን ሰማያዊ ድንጋይ፣ ባለቤቴ ገብሬ ሲታመም በውሃ ዘፍዝፌ ያጠጣሁትን፣ እዚህ አዲስ አበባ ለዩኒቨርሲቲው የድንጋይ መምህር አሳየሁት። በርዝመቱ ሲጭረው ቢላው ምልክት አወጣ፤ በወርዱ ሲጭረው ግን ተንሸራተተ። «በዚህ ጠባዩ ይለያል፤ ካያናይት ይባላል» አለኝ።

«የአገራችን አስተማሪ ሰማያዊ ድንጋይ መርዝ ነው ብሎን ነበር» አልሁት።

«እሱ ያለው የመዳብ ጨው ነው፤ ያ በውሃ ይሟሟል።» ከድንጋዩ ጥቂት ፈጭቶ በብርጭቆ ውሃ በጠበጠው። ዱቄቱ ነጭ ሆኖ ዘቀጠ፤ ውሃው እንደ ሰፈራችን ምንጭ ጠራ። «እማማ፣ ውሃ ይህን ከማሟሟቱ በፊት እኔን ያሟሟኛል» ብሎ ሳቀ። እኔ አለቀስሁ።

ገብሬን የወሰደው በሽታው ነው እንጂ እኛ አይደለንም። አስተማሪው ያን ካለን ወዲህ እኔ እንቅልፍ አጣሁ፤ አንቺም በደጄ አንገትሽን ደፍተሽ ታልፊያለሽ።

ይህን የምጽፍልሽን ካርድ በፖስታ ያላሸግሁት መሪጌታ አዲስዓለም ጮክ ብለው እንዲያነቡልሽ፣ ጎረቤትም እንዲሰማ ነው። ለእርሳቸው እጅ እነሣለሁ። ልጆችሽን ሳሚልኝ። ስመለስ ደጄን አትለፊ፤ ግቢ።

አመተ ሥላሴ