የገሠሠን ቤት የሚሸከም መኪና

ውድ ገበያነሽ፣

ይህን ደብዳቤ መነጽርሽን አድርገሽ፣ ቁጭ ብለሽ አንብቢው። ግማሹን አንብበሽ ግማሹን በግምት የመሙላት አመልሽን አውቀዋለሁ። በስልክ ያልነገርኩሽ ሳልጨርስ ስለምታቋርጪኝ ነው።

መጀመሪያ ጥፋቴን ልናገር። ወደ ዴንቨር ልጅሽ ዘንድ ስትሄጂ፣ እዚህ ሎረንስቪል ጓሮዬ የቆመውን የገሠሠን ተጎታች ቤት እንድሸጥልሽ አደራ ብለሽኝ ነበር። በየወሩ ስትጠይቂኝ «ገዢ አልመጣም» እልሽ ነበር። ውሸት ነው። ሦስት ገዢ መጥቷል። የመጀመሪያውን ጣሪያው ያፈሳል ብዬ መለስኩት፤ አያፈስም። ሁለተኛውን ቁልፉ ጠፍቷል አልኩት፤ ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነበር። ለሦስተኛው ሰበብ ስላጣሁ «አልሸጥም» ብዬ በሩን ዘጋሁበት። በሰባ ሦስት ዓመቴ ውሸት እጀምራለሁ ብዬ አላሰብኩም።

ባልሽ ገሠሠ፣ ነፍሱን ይማርና፣ ያን ቤት የገዛው አገሩን አብራችሁ ልትዞሩበት ነበር። አንድ ጊዜ እስከ ሐይቁ ወሰደሽ፤ ከዚያ ታመመ። መኪናው ተሸጠ፣ ቤቱ ቀረ። ከመሄድሽ በፊት በነበረው እሑድ ከቅዳሴ ስንመለስ «ታዲያ አንቺና እኔ ለምን አንዞርበትም?» አልሽኝ። እኔ ደግሞ «የተማሪ አውቶቡሱን ማን ሊነዳልሽ ነው?» ብዬ በደረቁ መለስኩልሽ። በማግስቱ ነው «ሽጪው፣ ዓይኔ እንዳያየው» ያልሽኝ። ጡረታ ለመውጣት የቀረኝ ሁለት ወር ብቻ ነበር፣ ገበያነሽ። ፈርቼ ነው እንጂ ሥራው ይዞኝ አልነበረም።

እንግዲህ ቤቱን ይዤልሽ ልመጣ ነው። ለዚህም ያገለገለ ፒክአፕ ፍለጋ ወጣሁ።

ገሠሠ ነግሮሽ እንደሆነ አላውቅም፤ ይህ ዓይነት ተጎታች እንደ ሌላው ከመኪናው ጭራ አይታሰርም። አንገቱን አርዝሞ የፒክአፑ ጭነት መሀል ላይ ይተኛል። ስለዚህ መኪናው መጎተት ብቻ ሳይሆን መሸከምም አለበት። ይህን ለእህቴ ልጅ ለእንድርያስ ማስረዳት ከባድ ሆነብኝ። ዳውንታውን ፓርኪንግ ሲሠራ መኪናው ሁሉ በእጁ ስላለፈ ራሱን ሊቅ አድርጎ ይቆጥራል። መጀመሪያ የወሰደኝ አንድ የሚያብረቀርቅ ጥቁር ፒክአፕ ዘንድ ነው።

«እትዬ፣ ይሄ እኮ አሥራ ሁለት ሺህ ፓውንድ ቶው ያደርጋል!»

«መሸከሙስ?»

«ቶው ካደረገ ተሸከመ ማለት አይደለም እንዴ?»

«ሞፈር የሚጎትት በሬ ሁሉ ማዳበሪያ ይጫንበታል?»

የሾፌሩን በር ከፍቼ ደፉ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ አነበብኩ። ሰውም ዕቃም አንድ ላይ ከአንድ ሺህ ስድስት መቶ ፓውንድ እንዳይበልጥ ይላል። የተጎታቹ አንገት ብቻውን ሁለት ሺህ አራት መቶ ያርፍበታል። ሻጩ ፈገግ ብሎ «ያንን እኮ ማንም አያነበውም» አለኝ። «እኔ አነበዋለሁ» ብዬ በሩን ዘጋሁለት።

ሁለተኛው መኪና ጥሩ ነበር። ባለቤቱን ሳልመጣ ሞተር እንዳያስነሳ አስጠንቅቄው ስለነበር፣ ደርሼ ኮፈኖውን ብነካው ቀዝቃዛ ነው፤ ስናስነሳውም ሳያስል ተነሣ። እንድርያስን በነጭ ሸሚዙ ከሥር አስገባሁት። «ዝገት የለም፣ እትዬ! አሁን ልውጣ?» «ካምቢዮው ዘይት ያንጠባጥብ እንደሆነ እይና ውጣ።» በሩ ላይ ሦስት ሺህ ሰማንያ ይላል። ቤቴ ገብቼ ደመርኩ፤ አንገቱን፣ የሚታሰርበትን ብረት፣ ጋቢና የሚቀመጠውን ሰው። ሁለት መቶ ፓውንድ ተረፈኝ። የልጅነት አስተማሪያችን እንዳስለመደችን ከታች ወደ ላይ ደግሜ ደመርኩት። ልክ ነው።

ስሕተቱ ከዚህ በኋላ መጣ፤ የራሴም ነው። ዴንቨር ልሄድ መሆኔን ለእናቶች ማኅበር ተናገርኩ።

እኛ ደግሞ መንገደኛ አለ ሲባል ዝም ብለን እናውቃለን? በሳምንት ውስጥ ቤቴ መጋዘን ሆነ። ምህረት ዴንቨር ላለችው፣ ለመውለድ ለደረሰች ልጇ የገንፎ ዱቄትና አንድ ባልዲ ቅቤ አመጣች። ሌላዋ ለእህቷ የልብስ ስፌት መኪና፣ ሌላዋ ሽሮና በርበሬ በማዳበሪያ። ለዴንቨሩ ቤተ ክርስቲያን ትልቅ ከበሮ ተላከ። ጆንያውንም ካርቶኑንም ተጎታቹ ውስጥ፣ ከፊት ባለው መኝታ ክፍል፣ ማለት ልክ አንገቱ ላይ ደረደርነው። የሁለተኛው መኪና ባለቤት መኪናውን ለሙከራ ሲያመጣልን ተጎታቹን አሰርንና አውራ ጎዳናው ዳር ያለው የጭነት መኪናዎች ሚዛን ላይ ወጣን። ወረቀቱን ተቀብዬ ሒሳቡን ብሠራ፣ ከተፈቀደው መቶ ሃምሳ ፓውንድ በልጧል።

እንድርያስ በደስታ መሪውን መታ። «ኧረ እትዬ! የእርስዎም ሒሳብ ይወድቃል?»

«ሒሳቡ አልወደቀም። ማኅበሩ ነው የከበደው።»

«እሺ፣ ዕቃውን ይመልሱላቸዋ።»

እንደ ቀላል ነገር! ከምህረት ጀመርኩና ደወልኩላት። «ምህረት፣ እንዳትቀየሚኝ፣ ቅቤው በሌላ ሰው ቢሄድ...»

«ውይ ስንታየሁ! የአራስ ቅቤ ይመለሳል እንዴ? ኧረ ደግ አይደለም! ይልቅስ እንኳን ደወልሽ፣ አንዲት ትንሽዬ ካርቶን ቀርታኝ ነበር።»

ሌላ ሰው ዘንድ አልደወልኩም።

ሦስተኛውን ሮዝዌል አገኘነው። ባለቤቱ ፈረስ የሚያረባ አሜሪካዊ ሽማግሌ ነው። መኪናው ከኋላ በግራም በቀኝም ጥንድ ጥንድ ጎማ አለው፤ በሩ ላይ ከአምስት ሺህ በላይ ይላል። እንድርያስ ዙሪያውን ዞሮ ዞሮ «እትዬ፣ ይሄማ አውቶቡስ ነው!» አለ።

«ጥሩ ነዋ። አውቶቡስ እችላለሁ።»

ሽማግሌው ግን ዝም ብሎ የሚሸጥ ሰው አይደለም። «የሚነዳው ማነው?» አለ፣ እንድርያስን እያየ። እኔ ነኝ ስለው ከእግሬ እስከ ራሴ ተመለከተኝና ቁልፉን ሰጠኝ፤ በጋጣውና በአጥሩ መካከል ባለው ጠባብ መንገድ ወደ ኋላ እንዳስገባው ጠየቀኝ። መጀመሪያ ወንበሬን አስተካከልኩ፣ ከዚያ ሦስቱን መስታወቶች። ሳይቸኩል ጠበቀኝ። አንዴም ሳላርም አስገባሁት። «ማን አስተማረዎት?» ሲለኝ «አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ስልሳ ሕፃን ከኋላዬ ሲጮኽ ነው የተማርኩት» አልኩት። ሽማግሌው ሳቀና ከቤት አንድ ደብተር አመጣ። ዘይት የቀየረበትን፣ ፍሬን ያሠራበትን ቀን ሁሉ ለአሥር ዓመት በእጁ ጽፎበታል። ጽሑፉም ንጹሕ ነው። የቀኙን ወንበር ውሻ ቀዶታል፣ ማይሉም ብዙ ነው፤ ይህን አልደብቅሽም። ግን እንዲህ ያለ ደብተር የሚይዝ ሰው መኪና አይበድልም ብዬ ገዛሁት። ወንበሩን ሰፍቼዋለሁ።

ሰኞ ጠዋት እነሣለሁ። በቀን ከሦስት መቶ ማይል በላይ ስለማልነዳ ዓርብ ከሰዓት እደርሳለሁ። ልጅሽ ትዕግስት ረጅም ማቆሚያ ትፈልግልኝ፤ ከእነ ተጎታቹ ሃምሳ አምስት ጫማ ነኝ። ቤቱን ስታዪው ከከፋሽ እዚያው እሸጠዋለሁ፤ በዚህ ጊዜ ገዢም አላባርርም።

ግን ከመወሰንሽ በፊት እንድርያስ እንኳ የማያውቀውን አንድ ነገር ልንገርሽ። ያ ሁለተኛው መኪና ለእኔና ለማኅበሩ ዕቃ ይበቃ ነበር፤ እንዲያውም አሥር ፓውንድ ይተርፈኝ ነበር። ከተፈቀደው በላይ ያደረግሽው አንቺ ነሽ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ስደምር «ገበያነሽ፣ መቶ ስልሳ» ብዬ ጽፌ ነበር። ቅቤው አይመለስም፣ ከበሮው አይመለስም፤ ከዝርዝሩ ሊሰረዝ የሚችል አንድ መስመር ብቻ ቀረ። እርሳሴን ይዤ ብዙ ቆየሁ። ከዚያ አንቺን ከምሰርዝ ሌላ መኪና ልፈልግ ብዬ ወረቀቱን አጠፍኩት።

ሻንጣሽ አንድ ይሁን።

ለመንገድ የተሰናዳችው እህትሽ፣
ስንታየሁ