ሳጥን በሳጥን የሆነው የአባዬ መጽሐፍ

ይድረስ ለእማዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ወገብሽስ ልጅ ማዘሉን ቻለው? እህቴና አዲሱ ልጇ እንዴት ናቸው? በስልክ ሲያለቅስ ስሰማው ሳንባው ደህና እንደሆነ ገብቶኛል። እኛ ደህና ነን። ቧንቧው ተሠርቷል። ድመቷም ተመልሳለች፤ የት እንደከረመች ግን አልተናገረችም።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው እንዳትይ። አንቺ በደወልሽ ቁጥር አባዬ ድምፁን ከፍ አድርጊው ይልና አጠገቤ ይቀመጣል። ይህን ደግሞ እሱ እንዲሰማው አልፈልግም።

ነገሩ የመጽሐፉ ነው። የሙያ ትምህርት ቤቱ የአባዬን የአናጢነት ማስተማሪያ ሊያሳትምለት መስማማቱን ታውቂያለሽ፤ ያንን በሚያቃስተው ኮምፒውተሩ ስንት ዘመን ሲተይበው የኖረውን። ማተሚያ ቤቱ የሚቀበለው ፒዲኤፍ ብቻ ነው፤ ገጹ እንደተቀመጠ የሚታተም፣ ሌላ ቦታ ሲከፈት የማይዛባ ዓይነት ፋይል ማለት ነው። አባዬ ደግሞ እያንዳንዱን ትምህርት ለብቻው ነው ያስቀመጠው፤ በር አንድ ፋይል፣ መስኮት አንድ ፋይል፣ ወንበር አንድ ፋይል። የምሠራበት የጽሕፈት ሱቅ ውስጥ አንዱን ከፍቼ ስቀይር፣ ሌላውን ከፍቼ ስቀይር ያየኝ ባልደረባዬ፣ ያ ኮስታራው ያልኩሽ፣ ትዕግሥቱ አለቀና ወደ ራሱ ኮምፒውተር ወሰደኝ። ጥቁር መስኮት ከፈተልኝ። እዚህ ላይ አንድ መስመር ትእዛዝ ጻፊ፣ ፋይሎቹ ያሉበትን ቦታ ንገሪው፣ ከዚያ ዞር በይ አለኝ። የሚነካ ሥዕል የለ፣ ምን የለ፤ ጽሑፍ ብቻ። የተባልኩትን ጻፍኩ። ማሽኑ የፋይሎቹን ስም እየጠራ ሁሉንም ቀየራቸው። ጥያቄ የለ፣ ማጉረምረም የለ። ምነው ሰውም እንዲህ በታዘዘ አልኩ።

ደስ ስላለኝና ደንበኛ ስለተሰለፈብኝ፣ በወረቀት ያወጣሁትን ሳላየው ፖስታ ውስጥ ከትቼ ለአባዬ ወሰድኩለት። አንብቦ፣ የመጨረሻው ገጽ ላይ ፈርሞ መመለስ አለበት። ላንብብልህ ስለው ተቆጣ፤ የጻፍኩትን ራሴ አነባለሁ አለ። መነጽሩን አድርጎ መስኮቱ ሥር ተቀመጠና ገጽ ሲያገላብጥ ዋለ። ከሥራ ስመለስ፣ ቆንጆ ነው፣ ስህተት አላገኘሁበትም፣ የወንበሩ ምዕራፍ ላይ ብቻ መስመሩ ትንሽ ተጠጋግቷል አለኝ።

ተቀብዬ ገለጥኩት። እማዬ፣ አንድም ፊደል የለበትም። ከዳር እስከ ዳር ትንንሽ ባዶ ሳጥን ነው። የኮስታራው ኮምፒውተር አዲስ ነው፤ የአማርኛ ፎንት ገና አልተጫነበትም ነበር። ማሽኑ የፊደሉን ቅርጽ ሲያጣ በየፊደሉ ቦታ ሳጥን እያስቀመጠ አልፏል። ደህና የወጡት ቁጥሮቹና ሥዕሎቹ ብቻ ናቸው። ፊርማው ደግሞ ከቦታው ወርዶ የተሳለው ወንበር እግር ላይ አርፏል።

ኩሽና ገብቼ ድምፄ እንዳይሰማው ቧንቧውን ከፈትኩና አለቀስኩ።

ከዚያ ሁሉ ነገር ይመጣብኝ ጀመር። ጋዜጣውን ጮክ ብለሽ ስታነቢለት “ራዲዮአችን” እያልን የሳቅንብሽ። የመጨረሻውን ምዕራፍ እሱ እየነገረሽ ስትተይቢ፣ ጣቱን አሞት ነው ያልሽን። ከመቼ ጀምሮ ነው ዓይኑ የደከመው? አንድ ቤት እየኖርን ለእኔ እንኳ መደበቅ! ተቀይሜሻለሁ፤ ስትመጪ በደንብ እንጣላለን። አሁን ግን የምፈልግሽ ለሌላ ነው። አንቺ ከሄድሽ ወዲህ አውራ ጣቱን በመጋዝ ቆርጧል። መጋዙ ዶልዱሞ ነው ይላል። አሁን ድኗል፣ አትደንግጪ፤ ግን የሚቀጥለው ጣት ብቻ ላይሆን ይችላል ብዬ እፈራለሁ። መጋዙን ከተሰቀለበት አንስቼ ቆለፍኩበት። ዓይን ሐኪም ጋ ሄጄም ጠየቅኩ፤ ሞራ ከሆነ ይገፈፋል፣ ሳላየው ግን ምን እልሻለሁ አለችኝ። እሱ ደግሞ ሐኪም ቤት ሲባል ደህና ነኝ፣ ምን ሆንኩና ይላል። እሺ የሚለው ላንቺ ብቻ ነው።

ፎንቱን ጭነን ያችኑ መስመር ደግሜ ጻፍኩ፤ መጽሐፉ አምሮ ወጣ። ለአባዬ፣ ማተሚያ ቤቱ ደንብ አለው፣ ደራሲው ሲነበብለት መስማት ግዴታው ነው ብዬ ዋሸሁት። የማይረባ ደንብ ነው አለና ወንበሩን አስጠጋ። በቃሉ ነው የሚያውቀው፤ አንድ ቃል ብዘል ይመልሰኛል። አሁን በትክክለኛው ላይ ፈርሟል። እጁን ቦታው ላይ ያስቀመጥኩለት እኔ ነኝ፤ እሱም እጁን አልነጠቀኝም።

ይህን ስጽፍ ፊት ለፊቴ ተቀምጧል። የብዕሩን ድምፅ ሰምቶ ለማን ነው አለኝ፤ ለእማዬ አልኩት። ምን እያልሻት ነው ብሎ አልጠየቀም። ብቻ፣ እንዲህ ብለሽ ጻፊላት አለኝ፦ ይቺ ልጅ ስታነብ የሚያሯሩጧት ትመስላለች፤ እንዳንቺ ነጥብ ላይ አታርፍም።

እንዳለኝ ጻፍኩ።

ሕፃኑን ሁለቱንም ጉንጩን ሳሚልኝ። እህቴን ፈጣሪ ያበርታት፤ አንቺንም መንገዱን ቀና አድርጎ ያምጣልን።

ተተኪዋ ራዲዮ፣
ልጅሽ