ሂና የተቀባው ጉልበቴ

ይድረስ ለክቡር የአጥንት ሕክምና ክፍል ኃላፊ፤

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ጉልበትዎስ? ደረጃ ሲወጡ ምንም ሳይሰማዎ ዕድሜዎ እንዲረዝም እመኛለሁ። እኔ ምብሩካ እባላለሁ፤ እዚሁ ደቡብ ቱኒዚያ የሂና ቅጠል ለቃሚ ስሆን፣ ከግራ ጉልበቴ በታች ካለው አጥንት ናሙና ሊወሰድልኝ መጥቼ ሳይወሰድልኝ የተመለስኩት በሽተኛ ነኝ። ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ስለ ዝግጅት ወረቀትዎ አመሰግናለሁ። ከዋዜማው ጀምሮ እንዳልበላ፣ ደም የሚያቀጥነውን ክኒን ቀደም ብዬ እንዳቆም፣ ቀለበቴን እንዳወልቅ ያዛል፤ ሁሉንም ፈጽሜአለሁ። ስለ ሂና ግን አንድም ቃል የለውም። አክስቴ ዘኪያ ደግሞ ጉልበቱን ያመመው ሰው ሂና ሳይቀባ ሐኪም ፊት መቅረቡን እንደ ነውር ስለምታይ፣ ከጭኔ እስከ ቅልጥሜ ለቀለቀችኝ። ነርሷ የሚወጋውን ቦታ በእስክሪብቶ ልታመለክት ብትሞክር ምልክቱ አልታይ አላት። «ወይ እህቴ! ለሠርግ ነው ለሕክምና የመጣሽው?» አለችኝ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ፤ እኔም አብሬ የሳቅሁ ይመስለኛል። ቀለሙ እስኪለቅ ተብሎ ቀጠሮዬ በሦስት ሳምንት ተገፋ። ለአንድ ሆስፒታል በሂና ማሳ መካከል ተሠርቶ ሂና አለማወቅ ትልቅ ችሎታ ነው።

፪. ጉልበቴ እንደ ድሮው አያመኝም። እንደ ድሮው ግን አይታዘዘኝም፤ ቁጭ ብዬ እለቅማለሁ፣ ግንድ ይዤ እነሣለሁ። ይህ ቅሬታ አይደለም፤ እንዲያው ይወቁት ብዬ ነው።

፫. ከሁሉ በላይ የማመሰግንዎ ስለ ርኅራኄዎ ነው። መጀመሪያ ራጅ የተነሣሁ ዕለት፣ አጥንቴ ላይ የታየውን ለእኔ ከመንገር ይልቅ ወንድሜን ሸድሊን ወደ ኮሪደር ጠርተው ነገሩት። እኔ ወንበሬ ላይ ሆኜ የተዘጋውን በር አይ ነበር። አርባ ሦስት ዓመቴ ነው፤ አጥንቱም የእኔ ነው። የናሙናው ውጤት ሲመጣ፣ ክፉም ቢሆን፣ ለእኔ ለራሴ እንዲነግሩኝ በትሕትና እለምናለሁ።

ውድ ጊዜዎን በእኔ አንድ እግር ላይ ስላባከንኩ ይቅርታዎን እየጠየቅሁ፣ ከማይነቃነቅ አክብሮት ጋር እሰናበታለሁ፤

ምብሩካ፣ ሂና ለቃሚ

ተጨማሪ፦ ያን ዕለት ሸድሊ ከኮሪደሩ ሲመለስ «ቁርጥማት ነው እኮ እህቴ፤ ምንም አይደል» አለኝ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ የጫማዬን ማሰሪያ አሰረልኝ፤ በዕድሜው እንዲህ አድርጎልኝ አያውቅም። ውጤቱንም ለእሱ የሚነግሩት ከሆነ፣ እባክዎ መዋሸት አብረው ያስተምሩልኝ።