ያልተለካው ክፍል

ጥቅምት 9

ዛሬ ሦስት ቤት። የአየር መለወጫ ማሽን ጽዳት ብቻ፤ ከባድ ነገር የለም። ሁለተኛው ቤት ያሉት ሴትዮ ንጹሕ አየር የሚገባበትን ቀዳዳ በካልሲ ወትፈውት አገኘሁ። «ነፋስ ይገባብኛል» አሉኝ። ሳቄን ዋጥ አድርጌ አስረዳኋቸው። ማሽኑ ከማድ ቤትና ከመታጠቢያ ቤት የታፈነውን አየር ይስባል፤ ከውጭ ደግሞ ንጹሑን ያስገባል። ሁለቱ ሳይቀላቀሉ ጎን ለጎን ያልፋሉ። ወጪው ሙቀቱን ለገቢው አውርሶ ይሄዳል። ቤቱ ሳይቀዘቅዝ ይተነፍሳል።

«ታዲያ ካልሲዬ ምን አጠፋ?»

«ካልሲዎማ ወራሹን በር ላይ አስቀርቶታል!»

ሳቁ። እኔም ኮራ ብዬ ወጣሁ።

ከሰዓት እትዬ ደወለች። «ማሽኑ ያቃስታል፤ መቼ ነው የምትመጣው?» እሑድ አልኳት። እሑድ ስላት አምስተኛዬ ነው። የባዕድ ቤት ሲሆን በሰዓቱ፣ የእህቴ ሲሆን...

ጥቅምት 14፣ እሑድ

እንዴት ብዬ ልጻፈው?

ሄድኩ። ማሽኑን ከፈትኩ። ማጣሪያው እንደ ከሰል ጠቁሯል፤ የጠብታው ውሃ መውረጃ ተደፍኗል። አጠብኩ፣ ለወጥኩ፣ ማቃሰቱ ቆመ። እስከዚህ ጥሩ።

«የእማማንም ክፍል እይልኝ» አለችኝ። እማማ የባሏ እናት ናቸው። ቤቱ ከተሠራ ጀምሮ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ፣ አብረዋቸው ይኖራሉ። በውጭ በኩል ያለው ግድግዳ ከወለሉ እስከ ወገብ ሻጋታ። ክፍሉ በረኪና በረኪና ይላል። በየሳምንቱ ትፈገፍገዋለች። እጇን አየሁት... መዳፏ ተሰነጣጥቋል። ፊደል ያስቆጠረኝ ጣት።

ይህን ሻጋታ ከሁለት ዓመት በፊት አሳይታኝ ነበር። ከደጃፉ ሳላልፍ፣ አማቷ ፊት፣ «ልብስ ቤት ውስጥ ስለምታሰጪ ነው፤ ማሽን እኮ ሙያን አይተካም» ብያት ወጣሁ። ቀልድ መስሎኝ። ከዚያ ወዲህ እርጥብ ልብስ በዘንቢል ተሸክማ፣ ሁለት መንገድ ተሻግራ፣ ጎረቤት ሰገነት ላይ ነው የምታሰጣው። አማቷ ግን አፋቸው አላረፈም። ለመጣ እንግዳ ሁሉ፣ «ወንድሟ፣ ባለሙያው፣ ራሱ የመሰከረባት!» ይላሉ።

ወንበር ላይ ወጥቼ ሶፍት ወረቀት ከቀዳዳው ሥር ያዝኩ። አየር ቢገባ ኖሮ ይውለበለብ ነበር። ቀጥ አለ። ፍርግርጉን ነቀልኩት።

ቱቦው አፍ ላይ ቢጫ የፕላስቲክ ክዳን። ቤት ሲሠራ አቧራ እንዳይገባ የምንገጥመው፣ ስንጨርስ የምናወጣው። በማርከር «3» ተጽፎበታል። የኔ ሦስት ናት። ጭራዋን አውቃታለሁ።

ሳወጣው አየሩ ፊቴን መታው። ክዳኑን ጃኬቴ ኪስ ከተትኩ። ለምን? እንጃ። እጄ ቀደመኝ።

እትዬ ከታች፣ «ምን ሆኖ ነው?»

«ቆሻሻ ይዞት ነው።»

«እኔ ነኛ። ላዩን ብቻ ስጠርግ።»

«አልፎ አልፎ ውስጡንም መጥረግ ነው» አልኳት።

አልኳት!

ጥቅምት 15

«መጥረግ ነው።» ቀኑን ሙሉ ጆሮዬ ላይ።

ጥቅምት 17

ቢሮ ቀድሜ ገብቼ የቤቷን ፋይል አወጣሁ። ቤት ስናስረክብ በየቀዳዳው የሚገባውንና የሚወጣውን አየር በመሣሪያ ለክተን የምንሞላው ቅጽ አለ። ክፍል 1፣ በሰዓት ሠላሳ ሁለት ሜትር ኩብ። ክፍል 2፣ ሠላሳ። ክፍል 3፣ የእማማ፣ ሠላሳ። ከሥሩ ፊርማዬ፣ ያቺ የተንቀባረረች።

ቀኑ ትዝ አለኝ። ዓርብ። ሌላ ሥራ ይጠብቀኛል። ገና ዕቃ እያስገቡ ነበር፤ እማማ በራቸውን ዘግተው ልብስ ይቀይራሉ። «ትንሽ ጠብቅ፣ አሁን ይወጣሉ» አለችኝ እትዬ። «የእህቴ ቤት አይደል፤ ነገ ብቅ ብዬ እጨርሰዋለሁ» አልኩ። ነገው አልመጣም። ጎረቤቱ ክፍል ሠላሳ ከሆነ ይሄም ሠላሳ ነው ብዬ ጻፍኩ።

ለባዕድ እንዲህ አድርጌ አላውቅም። ለምን ለእሷ? እሷማ አትከሰኝም። አታስወጣኝም። ሻይ አፍልታ ነው የምትሸኘኝ... ለዚህ ነው። ሌላ ምክንያት ብፈልግም አጣሁ።

ጥቅምት 20

ለባለቤቴ ነገርኳት። ሳህን እያጠበች ሰማችኝ፤ አላቋረጠችኝም። ስጨርስ እጇን አደራርቃ፣

«ታዲያ ለእኔ ምን ትነግረኛለህ? ግድግዳ ስፈገፍግ የኖርኩት እኔ ነኝ?»

ተቆጣሁ። «አንቺ ደግሞ!» ብዬ ተነሳሁ። እውነት ሲነግሩኝ ብድግ የማለት አመል አለኝ።

ጥቅምት 22

እትዬ ደወለች። ድምጿ ቀለል ብሏል። ግድግዳው መድረቅ ጀምሯል፣ ሽታውም ጠፍቷል። «እጅህ ይባረክ። አንተ ባትኖር ምን ይውጠኝ ነበር?»



ቀጥላ፣ እማማ እሑድ ሊሄዱ ነው አለችኝ። ወደ ትንሹ ልጃቸው። «ይቺ ደረቴን አበሰበሰችው፤ ሙያ ካላት ምራቴ ዘንድ ልረፍ» ብለው ቆርጠዋል። ግድግዳው ቢደርቅም ቂማቸው አልደረቀም። ባሏም አፉን ይዟል። «እንግዲህ አማቷን ገፍታ አስወጣች ሊሉኝ ነው» አለች። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር፤ ሳቅ ብላ ነው ያለችው።

ልነግራት አፌን ከፈትኩ። «እዚያ ዝናቡ እንዴት ነው?» አልኩ።

የሃያ ደቂቃ መንገድ ነው መካከላችን ያለው። ዝናቡ አንድ ነው።

ጥቅምት 25

መልእክት ልጽፍላት ሞከርኩ። «አንድ ስህተት ተፈጥሮ ነበር...» ተፈጥሮ? ማን ፈጠረው? አጠፋሁት። «ክዳን ተረስቶ...» ራሱን ረሳ? አጠፋሁት። ስሜን ከፊት ላለማስገባት የማልዞረው ዙሪያ የለም።

ጥቅምት 28፣ እሑድ

ነገርኳቸው።

ስደርስ ሻንጣዎቹ ኮሪደሩ ላይ ተደርድረዋል። እማማ ካፖርታቸውን ደርበው ሳሎን ተቀምጠዋል። ባሏ መስኮት ሥር ስልኩን ያገላብጣል፤ ወንድሙን መኪና ይዞ እስኪመጣ ይጠብቃል። እትዬ የእማማን ኪኒን በየቀኑ ለይታ በትንንሽ ከረጢት ታስራለች። ለሚያሟት ሴትዮ።

«ምነው ቆምክ? ቁጭ በል እንጂ።»

«ሻጋታው የእትዬ ጥፋት አይደለም» አልኩ። ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ። ክዳኑን አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት። «ይሄ ነው ጥፋተኛው። ማለቴ... እኔ ነኝ። ማውጣት ነበረብኝ፣ ሳላወጣው ሄድኩ። ክፍሉን ሳልለካ ለካሁ ብዬ ፈረምኩ። ሦስት ዓመት ሙሉ እዚያ ክፍል ንጹሕ አየር ገብቶ አያውቅም። ልብስ አሰጣች አላሰጣች፣ ያው ነበር።»

እማማ ክዳኑን አንስተው አገላበጡት።

«ይቺ?» አሉ። «ለዚችው?»

«አዎ፣ እማማ።»

«እኔ ደግሞ አንተን ምስክር ጠርቼ፣ አገር ለአገር...» አልጨረሱትም። ክዳኑን እንደሚያቃጥል ነገር መልሰው አስቀመጡት።

እትዬ ቀና አላለችም። «መቼ ነው ያወቅከው?»

የፈራሁት ጥያቄ። «ያን እሑድ። ፍርግርጉን ስነቅል።»

«እኔ ነኛ ስልህ?»

«አዎ።»

«መጥረግ ነው ስትለኝ ኪስህ ውስጥ ነበረ?»

«...ነበረ።»

ከረጢቱን ቋጠረች። ቋጠሮው አልያዝ አላት፤ እንደገና ቋጠረች። «ሦስቱን ዓመት እችለዋለሁ» አለች፤ «ሰው ነህ፣ ትረሳለህ። ይሄን ሁለት ሳምንት ግን የት ላኑረው?»

 

ባሏ፣ «እንግዲህ መቅረት ነው እንጂ፣ እማዬ» ቢላቸው እምቢ አሉ። «በየትኛው ዓይኔ እያየኋት ልቀመጥ?» ደጃፍ ላይ እትዬን ጎተት አድርገው ጆሮዋ ሥር አንድ ነገር አሏት። አልሰማሁም። ለእኔ የሚነገርም አልነበረም።

ስወጣ «ደህና ሁን» ያለኝ የለም። ሻይም አልተፈላም።

ጥቅምት 29

ለአለቃዬ ቅጹን አሳየሁት። «ማን ጠየቀህ?» አለኝ። ማንም አልኩት። «ታዲያ የተኛ ነገር ለምን ትቀሰቅሳለህ?»

የእህቴን ቤት ባስረከብኩበት ወር የፈረምኩባቸው ሌሎች ሰባት ቤቶች በሌላ ሰው እንደገና ይለኩ አልኩት። አንገቱን እያከከ አሰበበት። እሺ አለ። «አንተ ግን እስኪጣራ አትፈርምም» አለኝ።

ደስ አለኝ ብዬ ልጽፍ ነበር። ውሸት ነው። አፈርኩ። ሃያ ዓመት የፈረምኩ ሰው፣ እንደ ጀማሪ ሌላው እስኪፈርምልኝ ቆሜ ልጠብቅ ነው።

ኅዳር 6

ስድስቱ ቤት ደህና ሆነው ተገኙ። ሰባተኛው የመታጠቢያ ቤቱ አየር መሳቢያ ደከም ብሎ ተስተካክሏል። አለቃዬ፣ «በል፣ ተረፍክ» አለኝ።

ያልለካሁት አንድ ክፍል ብቻ ነው ማለት ነው። የእህቴ። ይሄ ያጽናናል ወይስ ያባብሳል?

ኅዳር 7

ደወልኩላት። አላነሳችም።

ኅዳር 13

የእትዬን ባል መንገድ ላይ አገኘሁት። ኮስተር አለ፤ ኋላ ግን መናገር አምሮት አላስቻለውም። እናቱ እዚያ ከሄዱ ጀምሮ ስልክ ላይ ናቸው። ቀድሞ ምራታቸውን ሲያሙ ለሰሟቸው ሰዎች አንድ በአንድ እየደወሉ፣ «ያን ጊዜ ያልኩህን መልሰው፤ ተሳስቼ ነው፤ ልጅቷ ንጹሕ ናት» ይላሉ። ትንሹ ልጃቸው ሰልችቶት፣ «እማዬ፣ ሰዉ እኮ ረስቶታል» ቢላቸው፣ «እሷ አልረሳችውም» አሉት።

ሴትዮዋ በሰባ ስምንት ዓመታቸው የተናገሩትን እየዞሩ ይለቅማሉ። እኔ አንድ ጊዜ ደውዬ አልነሳ ሲለኝ ተቀምጫለሁ።

ኅዳር 14

ሄድኩ። በሩን ከፈተች፤ አላስገባችኝም። ኮሪደሩ ላይ ቆሜ፣ «ጥፋቴን የነገርኩሽ ሰው ፊት ስለሆነ፣ ይቅርታውን ብቻሽን ልበልሽ ብዬ ነው። ክዳኑን ስለረሳሁ አይደለም። ስለዋሸሁሽ» አልኳት። ሰማችኝ። «ሰምቻለሁ» አለች። በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው።

ቀስ አድርጋ። ከዚያ ምን ልረዳ?

ኅዳር 26፣ እሑድ

ጠዋት የእትዬ ባል ደወለልኝ። «እማዬ ተመልሰዋል። ማሽኑንም ሰው እንዲያየው ጠርተናል። እሷ፣ መምጣት ከፈለገ ይምጣ ብላለች።» ከፈለገ።

የጠሯት ሌላ ድርጅት የምትሠራ ባለሙያ ናት። ልጅ እግር ናት ግን ጥንቁቅ። ለጤና ይስጥልኝ ብላኝ ወዲያው ወደ ሥራዋ። ማንነቴን ነግረዋታል፤ ከአስተያየቷ ያስታውቃል። ክፍል በክፍል፣ ቀዳዳ በቀዳዳ ለካች። እትዬ ከኋላዋ እየተከተለች ትጠይቃለች። «ይሄ ስንት መሆን አለበት? ለምን? ማጣሪያውን ራሴ ልለውጠው እችላለሁ?» ድሮ ከእኔ ጋር እንዲህ ጠይቃ አታውቅም። እኔ ካልኩ አበቃ ነበር።

ባለሙያዋ የሳሎኑን አየር ቀንሳ ለእማማ ክፍል ትንሽ ጨመረች። ከጣሪያው ሥር ያለውን አንዱን ቱቦ ደግሞ፣ «ሽፋኑ በደንብ አልተጠቀለለም፤ ብርድ ላይ ውሃ ያቋጥራል» አለች። እሱም የኔ ሥራ ነው። ልክ ናት። ዐሥር ሰበብ አፌ ላይ መጣ። ዋጥኩት።

እማማ አልጋቸው ላይ ተቀምጠው እትዬን፣ «መጋረጃውን እንዳታበላሺው፣ አንቺ ጉደኛ!» ይሏታል። እትዬም፣ «እርስዎ ደግሞ ሲመጡ ጀመሩኝ!» ትላቸዋለች። ሁለቱም ሳቁ። እኔ በሩ ላይ ቆሜአለሁ፤ እጄን የማስቀምጥበት ጠፍቶኝ።

ባለሙያዋ ኮሪደሩ ላይ መሰላሏን አቁማ ወደ ጣሪያው መውጣት ጀመረች። ወለሉ ያንሸራትታል፤ መሰላሉ ነቅነቅ አለ። እትዬ ዞራ አየችኝ። ከአንድ ወር በኋላ ቀጥታ ዓይኔን ስታየኝ የመጀመሪያዋ ነው።

«ምን ትቆማለህ? ያዝላት እንጂ» አለችኝ።

ተንበርክኬ ያዝኩ። በሁለት እጄ። ልጅቷ ሥራዋን ጨርሳ እስክትወርድ፣ አልለቀቅኩም።