የአልማዝ ምጥ

ሰኞ

አልሄድም አልኩ። ከዚያ ወዲህ ሥራ አልያዝ አለኝ። ፈትሉ ተበጠሰብኝ፣ ሽሮው አረረብኝ። ደጅ ወጣሁ፣ ገባሁ፣ ደግሞ ወጣሁ።

አልማዝ ጠዋት ራሷ መጥታ ነበር። ከወንዙ ማዶ ከጣሊያኑ የካሚዮን ሾፌር ጋር የምትኖረው ልጅ ናት። ሆዷ ወርዷል፤ ቀኗ ደርሷል። "እትዬ ብርቄ፣ ኮልፌ ውስጥ ከእርስዎ ሌላ አዋላጅ አላውቅም" አለችኝ። ዓይኗን ማየት አቃተኝ። "እጄን አሞኛል" አልኳት። እጄ ደህና ነው።

ባሌ ተሰማ ጣሊያን ከገባ ጀምሮ ዱር ነው። ካለፈው ክረምት ወዲህ ወሬው ጠፍቷል። ምን ብዬ ልሂድ?

ማክሰኞ

የአጥር ጎረቤቴ ጥሩነሽ ሰምታለች። ጣሊያኖች ልጇን ገድለውባታል። ልጆቿን ሁሉ ያዋለድኳት እኔ ነኝ፤ የሞተውንም ጭምር።

"እሰይ፣ እንኳን አልሄድሽ" አለችኝ። "ልጄን በተቀበልሽበት እጅ የእነሱን ዘር ብትቀበዪ ደጄን አትረግጪም።"

እሰይ ማለቷ እንደ ስድብ ቆረቆረኝ።

እናቴ ትዝ አለችኝ፤ ሥራውን ያስተማረችኝ እሷ ናት። ምጥ ቤት ከመግባቷ በፊት እጇን ታጥባ "ጌታዬ፣ እጄን እንካ፣ ሥራበት" ትል ነበር። የማን ቤት ነው ብላ ስትጠይቅ ሰምቼ አላውቅም። ግን እሷ ይህን ዘመን አላየችም። ብታይስ ምን ትል ነበር?

ረቡዕ

ከኪዳን በኋላ የነፍስ አባቴን ጠየቅኳቸው። "አባቴ፣ ሥራሽ የእግዜር ሥራ ነው ብለው ባርከውኝ ነበር። ለአልማዝም ነው?"

መጀመሪያ ግራና ቀኝ አዩ፤ ጆሮ በዝቷል።

"የሚወለደው ምን አደረገ?"

"እሱስ ምንም። አባቱ ግን..."

"እኔም ስቀድስ ይሄ ይግባ፣ ያ ይውጣ አልልም" አሉኝ። ቀጥለው ደግሞ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ሰው የሚልሽን አውቃለሁ። ሂጂ ብዬ ላዝሽ ግን አልደፍርም።"

ተናደድኩባቸው። ቢያዙኝ ነገሩ በሳቸው ላይ ይሆንልኝ ነበር።

ሐሙስ

ሄድኩ።

ቀትር ላይ ጣሊያኑ ራሱ መጣ። ላብ አጥምቆታል፣ ባርኔጣውን በእጁ ጨምድዷል። "አልማዝ፣ አልማዝ" ከማለት ሌላ ቃል የለውም። ሰፈሩ በአጥር ቀዳዳ ያያል። ጠላሁት። እግሬ ግን ቀድሞኝ ወጣ። መንገድ ላይ የእናቴን ጸሎት ልል ሞከርኩ፤ አፌ ላይ ደረቀ።

ልጁ የመጣው በእግሩ ነው። ሌላ ቤት ቢሆን ሴቶች ተሰብስበው ማርያም ማርያም ይላሉ። እዚያ ማንም የለም። እኔ አልኩ፣ አልማዝ በጣሯ መሀል ተቀበለችኝ።

"እትዬ፣ ልሞት ነው?"

"ማን ያስሞትሻል? ግፊ!"

ያን ሰዓት ጣሊያንም፣ ጥሩነሽም፣ ተሰማም ከሐሳቤ ወጡ። ያለሁት በእጄ ውስጥ ብቻ ነበር።

ሴት ናት። በልዛ፣ ትንፋሽ አጥታ ወጣች። ጀርባዋን መታሁ፣ አፏን ጠረግሁ፣ እፍ አልኩባት። አለቀሰች። እልልታውን ብቻዬን አልኩ። ገንፎውንም እኔው አገነፋሁ፣ እኔና አልማዝ በላን። ሰውዬው ደጅ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ እንደ ሴት ያለቅሳል። አላጽናናሁትም።

ዓርብ

ጥሩነሽ ስታየኝ ፊቷን አዞረች። ከወዲያኛዋ ጎረቤት እሳት ልጭር ብሄድ "የለም" አለችኝ፤ ጭሱ ከጣራዋ ላይ እየወጣ።

ተሰማ ከመጣ ሌላ ሰው ሳይቀድመኝ ራሴ እነግረዋለሁ። በምን እንደምጀምር አላውቅም። ጸጸት በውስጤ ፈለግሁ፤ አጣሁት። ይሄም አስፈራኝ።

እሑድ

ከቅዳሴ ተመልሼ ነጠላዬን ሳላወርድ በሩ ተንኳኳ። የማላውቃት ነፍሰ ጡር ናት፤ እስከ ዓይኗ ተከናንባለች።

"አልማዝን ያዋለዷት እርስዎ ነዎት?"

"ምነው?"

"እኔም ከእነሱ ካንዱ ጋር ነው የምኖረው። ማንም አይደርስልኝም ብዬ ብቻዬን ልወልድ ነበር።"

ጥሩነሽ አጥሯ ሥር ቆማ ታየናለች። ድምፄን ዝቅ ላድርግ አልኩና ተውኩት።

"ግቢ" አልኳት፣ ጥሩነሽ እንድትሰማው። "ግቢና ሆድሽን ልየው።"

ዳበስኳት። የልጁ ራስ ወደ ታች ነው፤ ደህና ተቀምጧል። ስወጣ ጥሩነሽ ከአጥሩ ሥር የለችም። ተቆጥታ ገብታ ይሁን፣ ወይ ደክሟት፣ አላወቅኩም።