የባለቤቴ የተቆረጠ ቃል ይመለስልኝ

ለክቡር አቶ ሮበሌ
የ«ቀብሬው መጣሁ ቁጥር 2» ፊልም ፕሮዲዩሰርና ዳይሬክተር
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንዴት ሰነበተ? በተለይ ጉሮሮዎ ደህና ነው? አምና በታኅሣሥ ግቢያችን ውስጥ ቆመው ቀረጻ ለማስቆም «ከት!» ሲሉ ከለቡ አልፎ ፉሪ ድረስ ይሰማ የነበረው ድምፅዎ ምንም ሳይጎድልበት እንዲቆይልዎ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ለለቅሶው ትዕይንት ቤቴን ያዋስኩዎት ወይዘሮ ጸሐይወርቅ ነኝ።

ፊልምዎ «ከልዩ ተጨማሪዎች ጋር» ተብሎ በዲቪዲ ስለወጣ እንኳን ደስ ያለዎት። ፊልሙን ገና አላየሁትም፤ ተጨማሪውን ግን በቃሌ ይዤዋለሁ። ስለዚህ ምስጋናዬን ከጥቂት ቅሬታ ጋር በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1. ለለቅሶው ድንኳን የሚሆን የሟች ፎቶ ረስታችሁ ስትመጡ፣ ረዳትዎ ቲና ከሳሎኔ ግድግዳ ላይ የባለቤቴን የአቶ ሚሳኤልን ፎቶ አውርዳ ጥቁር ጥብጣብ ስላሰረችለትና ሻማ ስላበራችለት አመሰግናለሁ። ራሱ ፈቅዷልና አልወቅሳትም፤ ሠላሳ ዓመት መንገድ ሲቀይስ ፀሐይ ያጠቆረው ሰውዬ በስተርጅና ተዋናይ ሆንኩ ብሎ ቀኑን ሙሉ ሲስቅ ነበር የዋለው። ለመንደሩ ሰው ግን ማንም አልነገረውም። ካሜራችሁ ከቆርቆሮው አጥር ጀርባ ስለነበር የዕድሩን ድንኳንና የሚሳኤልን ፎቶ ያየ ሁሉ ደረቱን እየመታ ገባ። ጎረቤታችን አቶ በንቲ ከማሳው በጭቃ ጫማው ሮጦ መጥቶ «ሚሳኤል ወንድሜ!» እያለ መሬት ላይ ሲወድቅ፣ ሚሳኤል የእናንተን ፓስታ በሳህን ይዞ ከጓዳ ብቅ አለ። ይህን ሁሉ ቀርጸው፣ «አስቂኝ ገጠመኞች» ብለው ሰይመው፣ ሙዚቃ ስላስገቡበት መንደሩ በሙሉ ያመሰግንዎታል።

2. ዕቃዎን ጭነው ሲሄዱ በር ላይ ለተሰበሰበው ሰው «ለቁጥር ሦስት እዚሁ እንመለሳለን» ብለው ቃል ስለገቡ እጅ እነሳለሁ። ሰው አምኖዎታል። ከሦስት ወር በኋላ፣ በመጋቢት፣ ሚሳኤል የጫማውን ክር ሊያስር ጎንበስ እንዳለ ልቡ ቆመ። ያው ድንኳን እዚያው ቦታ ተተከለ፤ ከዚያ የተሻለ ፎቶ ስላልነበረኝ ያንኑ ፎቶ አቆምኩ። ጡሩንባም ተነፍቶ ነበር፤ በእናንተም ጊዜ ተነፍቷልና ማን ይመን? ሰው እያየን አለፈ። «ቁጥር ሦስት ተጀመረ» ሲባባሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ሁለት ወጣቶችማ ፀጉራቸውን አስተካክለው ገብተው ካሜራው የት እንዳለ ጠየቁኝ፤ እየጮህኩ እውነት ነው ብላቸው ትወናዬን አደነቁልኝ። አቶ በንቲ ሁለተኛ አልታለልም ብሎ ማሳው ላይ ዋለ፤ የመጣው በሠልስቱ ነው። ፎቶው ፊት ተቀምጦ እንባ እምቢ አለው። የእሱ እንባ እርስዎ ዘንድ፣ በተጨማሪው ስድስተኛ ደቂቃ ላይ ይገኛል።

3. ሀይሌ ጋርመንት ከታክሲ የምወርድበት አጠገብ ያለው ዲቪዲ ቤት፣ ፊልሙ ራሱ ገበያ ስለማይጠራ ነው መሰለኝ፣ ተጨማሪውን በር ላይ ባለው ቴሌቪዥን ከጠዋት ጀምሮ ይለቀዋል። ስለዚህ ባለቤቴ ከሞተ በኋላ በየቀኑ ሲስቅ እሰማዋለሁ። መጀመሪያ አንድ ፌርማታ ቀድሜ እየወረድኩ በእግሬ እዞር ነበር። አሁን ግን ማለፍ አቃተኝ፤ ዘንቢሌን ይዤ ከማላውቀው ሰው ጋር ቆሜ አያለሁ፣ ሰው ሲስቅ አብሬ የሳቅሁበትም ቀን አለ። ከዚያ ቤት ስገባ የጓዳውን በር በዝግታ ነው የምከፍተው፤ ሳህኑን ይዞ የሚወጣ ይመስለኛል። ራሴን መፍራት ጀምሬያለሁ።

ዋናው ጉዳዬ ግን ቁጥር የለውም። አሥራ አራተኛው ደቂቃ ላይ ሚሳኤል ስቆ ሲያበቃ ዓይኑን ይጠርግና ከፎቶው አጠገብ ይቀመጣል፤ ፊቱ ይለወጣል። ወደ ካሜራው ዞሮ «ጸሐይ፣ የእውነቱ ቀን ሲመጣ ግን አደራሽን፣ እኔን...» ይላል። እርስዎ «ከት!» ይላሉ። ሙዚቃው ይገባል፤ አንድ መብራት ያዥ ጭቃ ላይ ይንሸራተታል።

እኔን ምን? ያን ሰዓት ጓዳ ሆኜ ለባልደረቦችዎ ውሃ እየቀዳሁ ስለነበር አልሰማሁም፤ እሱም ዳግመኛ አላነሣልኝም። እናቱ የተቀበሩት ወሎ ነው፤ እኔ ደግሞ ቅርቤ ይሁንልኝ ብዬ እዚሁ ለቡ አሳረፍኩት። ልጄ ሚካል፣ አባዬ ፓስታ አታብሉልኝ ሊል ይሆናል፣ ቀልዱን ነው ትለኛለች። ይሆናል። ከእናቴ ጎን ሊልም ይችላል። በመጪው መጋቢት ሙት ዓመቱ ነው፤ ሐውልት ሠሪው ሲሚንቶውን ላፍስስ ወይ እያለ ይጠይቀኛል፣ ከፈሰሰ በኋላ ደግሞ አጽሙን ማስነሣት አይሆንልኝም። የቀረጻ ባለሙያዎ ሃምዛ፣ ካሜራው ከትዕዛዝዎ በኋላም ጥቂት እንደቀረጸ፣ ቃሉን ግን እንደማያስታውስ በታማኝነት ነግሮኛል። ቢሮዎ ሦስት ጊዜ መጣሁ፤ በመጀመሪያው ቀን ወንበር ተሰጠኝ፣ በሁለተኛው የፊልሙ ፖስተር፣ በሦስተኛው ደግሞ «ያልተቆረጠው ቅጂ ለቁጥር ሦስት ልዩ ተጨማሪነት የተያዘ በመሆኑ ጥያቄዎን ማስተናገድ አንችልም» የሚል ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ። የባሌን ኑዛዜ ለተመልካች በክብር ስላስቀመጡልኝ በምን ቃል ላመስግንዎት?

ሌላው ሁሉ ይቅር፤ ሳቁም ሙዚቃውም የእናንተ ይሁን። እኔ የምለምነው የአንዲት ዓረፍተ ነገር ቀሪ ብቻ ነው።

ለጥበብ ሥራዎ ቤቷን፣ ድንኳኗንና ሟቿን ሳትሰስት ያበረከተችው፣ ያንን ፎቶ ግድግዳው ላይ መልሳ ለመስቀል ድፍረት ያጣችው አክባሪዎ፣

ጸሐይወርቅ
ለቡ፣ ጥር 2009 ዓ.ም.

ማስታወሻ፦ ባለፈው ማክሰኞ ቲና መጥታ፣ በቁጥር ሦስት የምትሞተው ሚስትየዋ ስለሆነች የእኔን ፎቶ እንዳውሳችሁ ጠይቃኛለች። ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዤዋለሁ። ከመስጠቴ በፊት ግን ሚካልን ፊት ለፊቴ አስቀምጬ የት እንደምቀበር፣ ማን እንዲጠራ፣ ምን እንዳይደረግ፣ ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው ነግሬያታለሁ። ስለዚህ እኔን የፈለጉበት ቦታ ላይ መቁረጥ ይችላሉ።